አንድ ሰዓት የተሰጠው ድመት

በዒድ ማግስት ነበር። ደሴ የሚገኘው የቤተሰባችን ቤት እንደ ወጉ በዘመድ አዝማድ ተሞልቷል። ትልልቆቹ ቡናውን ከበው ይጫወታሉ፤ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክለዋል። የሚያዩት የእህታችን ልጅ በፍላሽ ያመጣውን የቶምና ጄሪ ፊልም ነው። እኛም በአንድ ጆሯችን የትልልቆቹን ወግ፣ በአንድ ዓይናችን የልጆቹን ፊልም እየተከታተልን ተቀምጠናል። ድመቱ ያሳድዳል፤ አይጡ ያመልጣል፤ ልጆቹ ይንከተከታሉ። መቶ ጊዜ ያየነው ነገር በመሆኑ ብዙም ልብ አላልነውም ነበር። ድመቱ ሲሞት ግን ቤቱ ጸጥ አለ።

«ቶም ይሞታል እንዴ?» አለች የስድስት ዓመቷ ሕፃን።

መልስ ከመስጠታችን በፊት የድመቱ ነፍስ ከሬሳው ተነጥላ በወርቅ ደረጃ ሽቅብ መጓዝ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች በዚያች ሳሎን የሳቀም፣ የተቆጣም፣ ያለቀሰም ሰው ነበር። ነገሩ በዚያው አላበቃም፤ ወደ መድረሳችን ተሻግሮ ወላጆችን አነጋገረ፣ በመጨረሻም ወደ እኛው ወደ ራሳችን ዞረ። ይህንን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሳሳንም ይኸው ነው።

ፊልሙ

ፊልሙ በእንግሊዝኛ «ሄቨንሊ ፐስ» ይባላል። የወጣው በ1949 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ የተባሉ አሜሪካውያን ከ1940 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ድረስ ከሠሯቸው 114 አጫጭር የቶምና ጄሪ ፊልሞች አንዱ ነው። ርዝመቱ ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው። እነዚህ ፊልሞች በአብዛኛው ንግግር የሌለባቸው በመሆናቸው የየትኛውም አገር ሕፃን ያለ አስተርጓሚ ያያቸዋል። ይህኛው ግን ንግግር አለበት፤ ስለዚህ በቤታችን የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ ነበር የዋለው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቶም ጄሪን በደረጃ ላይ ሲያሳድድ አንድ ትልቅ ፒያኖ ቁልቁል ተንከባሎ ይጨፈልቀዋል። ነፍሱ ደመና ላይ ወዳለ ባቡር ጣቢያ ትደርሳለች። በሩ ላይ አንድ በረኛ ድመት ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ ሟች ድመቶች ተሰልፈዋል። አንዱን መንገድ የሚዳምጥ ሮሎ ሄዶበት እንደ ወረቀት ጠፍጥፎታል። በረኛው እያንዳንዱን እያነጋገረ ያሳልፋል። የቶም ተራ ሲደርስ ግን መዝገቡን አይቶ ይከለክለዋል፤ ዕድሜውን በሙሉ አንድ ምስኪን አይጥ ሲያሰቃይ የኖረ ነውና። ሆኖም ባቡሩ ለመነሳት አንድ ሰዓት ይቀረዋል። በረኛው የይቅርታ ወረቀት ይሰጠውና ይህንን አይጡ ከፈረመበት ማለፍ እንደሚችል ይነግረዋል። ባይፈርምስ? ያንንም ያሳየዋል፤ ከታች፣ እሳት ላይ በተጣደ ትልቅ ጎላ አጠገብ፣ አንድ ቡልዶግ ውሻ እየሳቀ ይጠብቀዋል።

ቀሪው ጊዜ የሚያልፈው ፊርማ ሲለመን ነው። ቶም ምግብ ይዞ ይቀርባል፤ ጄሪ አያምነውም፤ እንዴትስ ይመነው! ቶም ራሱ ሊፈርምለት ይቃጣዋል፤ አይሆንለትም። ይቆጣል፤ ሰዓቱን ሲያይ መልሶ ይለማመጣል። በመጨረሻ የሚጠብቀውን ሁሉ በምልክት አስረድቶ ሲማጸነው ጄሪ ይፈርምለታል። ቶም ወረቀቱን ይዞ ሲሮጥ ግን ሰዓቱ አልቋል፤ ባቡሩም ሄዷል። ቁልቁል ወደ ጎላው ይወድቃል። እየጮኸ ሲነቃ ለካ ምድጃ አጠገብ ተኝቶ ኖሯል፤ ያቃጠለውም ከምድጃው የተፈናጠረ ፍም ነበር። በሩጫ ሄዶ ጄሪን አቅፎ ይስመዋል። ምንም ያልሰማው ጄሪ ግራ ይገባዋል።

(ዋልት ዲዝኒም በ1935 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ፊልም አውጥቶ ነበር፤ ፕሉቶ የተባለው ውሻ በሕልሙ የድመቶች ችሎት ፊት ቀርቦ በድመቶች ላይ በሠራው ግፍ ይፈረድበታል። አስቂኝ ፊልም ሠሪዎቹ የበዳይና የተበዳይ ነገር ሲነሳ ሒሳቡን ወዲያኛው ዓለም ማድረሳቸው የሚገርም ነው።)

የእናታችን ነገር

የመጀመሪያው ምላሽ ካልጠበቅነው ሰው መጣ። እናታችን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቴሌቪዥን አይወዱም። በዚያን ዕለትም ጀርባቸውን ለፊልሙ ሰጥተው ቡና ይቀዱ ነበር። ልጆቹ ድንገት ሲስቁ ግን ዞር አሉ። ድመቶቹ ከተሰለፉበት ቦታ ውኃ የሚያንጠባጥብ ጆንያ መጥቶ ከውስጡ ሦስት የድመት ግልገሎች ወጡ። በፊልሙ ውስጥ ያ ቦታ ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ በረኛው አዝኖ ያሳልፋቸውና ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

«ምን ሆነው ነው እነዚህ?» አሉ እናታችን።

«ወንዝ ተጥለው ነው እማማ» አላቸው የልጅ ልጃቸው እየሳቀ።

እናታችን ጀበናውን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ። ቆየት ሲሉብን ተከትለን ገባን፤ ያለቅሱ ነበር። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ቤታችን ውስጥ አንዲት ድመት ወለደች። ቤቱ ጠባብ ነበር፤ እኛም ብዙ ነበርን። እናታችን ግልገሎቹን በማዳበሪያ አስረው ቦርከና ወንዝ አስጣሏቸው። የጣልናቸውም እኛው ነበርን፤ ማዳበሪያው በእጃችን ውስጥ ሲላወስ እስከ አሁን ይታወሰናል። በቤታችን ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል ተነስቶ አያውቅም ነበር።

«አንተ ልጅ ነበርክ፤ ወንጀሉ የእኔ ነው» አሉን። «ለእነሱስ ማንን አፉ በይኝ ልበል?»

ድመት አስራ ሳትመግብ፣ ከምድርም ተባይ ለቅማ እንዳትበላ ሳትለቃት በረሃብ ስለገደለቻትና በዚህም ምክንያት እሳት ስለገባችው ሴት የሚናገረውን፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ እናታችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። እንዲያውም ለእኛ የነገሩን እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ ያንን ትተን ሌላውን ነገርናቸው፤ በጥም ምላሱን አውጥቶ አፈር ሲልስ ላየው ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ስለቀዳለት፣ አላህም (ሱ.ወ) ሥራውን ተቀብሎ ስለማረው ሰው። እናታችን እንባቸውን ጠርገው ጥቂት አሰቡና፣

«ውሻ ነው ያልከው?» አሉ።

«አዎ፣ ውሻ ነው።»

«እንግዲያ ለድመት ከሆነማ ወተትም አይከፋ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ደጃፍ ላይ ወተት ይቀመጣል። መጀመሪያ አንዲት ድመት ነበረች፤ ዛሬ ሰባት ደርሰዋል። ጎረቤቶች ቅሬታ አላቸው። በዚህ ጉዳይ እኛ ገለልተኛ ነን።

መድረሳው

የቅዳሜ ትምህርት ላይ ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። ልጆቹ ፊልሙን በየወላጆቻቸው ስልክ ፈልገው አይተውታል። ጥያቄያቸው እንደ በረዶ ወረደብን። ድመት ጀነት ይገባል ወይ? የሚለው ቀዳሚው ነበር። በቂያማ ቀን ሐቅ ሁሉ ለባለቤቱ እንደሚመለስ፣ ቀንድ የሌላት በግ እንኳ ከወጋቻት ባለ ቀንድ በግ ሐቋን እንደምትቀበል፣ ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ እንደሚናገር ነገርናቸው። ከዚያ በኋላ እንስሳት አፈር እንደሚሆኑ ሙፈሲሮች የጻፉትንም ጨመርን። ልጆቹ በአፈሩ ነገር አዘኑ፤ በበጓ ነገር ግን በጣም ደስ አላቸው። አንዱማ «በጓ ትወጋታለች ማለት ነው? በምን ቀንዷ?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው።

በሳምንቱ አንድ ወላጅ መጡ። ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ያን ቀን ግን ፊታቸው ጠቁሯል። «ጀነትን ባቡር ጣቢያ፣ በረኛውን ድመት አድርገው ሲቀልዱ፣ ኡስታዝ ደግሞ ልጆቻችንን ስለዚህ ያስተምራሉ? አኺራ መቀለጃ ነው ወይ?» አሉን።

የእኒህ ወላጅ ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ባነሷቸው ነገሮች በአብዛኛው እንስማማለን፤ እንዲያውም እርሳቸው ያላነሷቸውንም ጨምረንላቸዋል። ጀነት ዓይን ያላየው፣ ጆሮ ያልሰማው፣ በሰው ልብ ውል ያላለ ነው። አንድ ሕፃን ስለ ጀነት ሲያስብ ወርቅ ቅብ ደረጃና ባቡር ፊቱ ላይ ድቅን ካለበት ሥዕሉ ከአእምሮው እስኪለቅ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ጀሀነምንም ሰይጣን አያስተዳድራትም። ዘበኞቿ አላህን የማያምፁ መላእክት ናቸው፤ ኢብሊስ ራሱ ከሚቀጡት አንዱ ነው። ባለ ቀንድና ባለ ሹካ ሰይጣን ጎላ ሲያማስል የሚታይበት ሥዕል ከእኛ እምነት የመጣ አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሞተ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ እንዲመለስ አንድ ሰዓት አይሰጠውም። መልሱኝ፣ የተውኩትን መልካም ሥራ ልሥራ ብሎ የሚለምነው ሰው እንደማይመለስ፣ ከፊቱም እስከሚቀሰቀስበት ቀን ድረስ በርዘኽ እንዳለ ቁርኣን በግልጽ ነግሮናል።

ያልተስማማነው በሳቁ ላይ ነው። በአላህ፣ በአንቀጾቹና በመልእክተኛው ላይ መቀለድ ምን እንደሚያስከትል ሱረቱ-ት-ተውባ ውስጥ ተቀምጧል፤ በዚህ ጨዋታ የለም። ነገር ግን አኺራ በተነሳበት ሁሉ ፈገግታ ክልክል ነው የሚል የለም። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን የመጨረሻውን የጀነት ሰው ታሪክ እናስታውስ። ያ ሰው ከእሳት እየዳኸ ይወጣል። ጀነት ግባ ሲባል ሄዶ አይቶ ሞልታብኛለች ብሎ ይመለሳል፤ ደግሞ ይላካል፤ ደግሞ ይመለሳል። በመጨረሻ የዱንያን ያህልና ዐሥር እጥፏ እንደተሰጠው ሲነገረው ማመን አቅቶት፣ አንተ ንጉሥ ሆነህ ሳለ ትቀልድብኛለህን ብሎ ጌታውን ይጠይቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን ሲናገሩ መንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ድረስ ሳቁ። አንዲት አሮጊት ጀነት እንድትገባ ዱዓ እንዲያደርጉላት በለመነቻቸው ጊዜም አሮጊት ጀነት አትገባም ብለዋት፣ ስታለቅስ ደግሞ ወጣት ሆና እንደምትገባ እንዳስረዷት ቲርሚዚ በሸማኢል ዘግበውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቢቀልዱም ከእውነት በቀር አይናገሩም ነበር። የሐዲሱ ሳቅ አኺራን አያሳንሳትም፤ ያ ሰው የተስፋውን ትልቅነት መቀበል አቅቶት ግራ ሲገባው ነው የሚያስቀው።

እኒህ ወላጅ ሐዲሱን አዳምጠው «እርሱማ ሐዲስ ነው፤ ይኸኛው የካፊር ፊልም ነው» አሉን። ልክ ናቸው፤ ሁለቱን ልናነጻጽር አይገባም፤ አላነጻጸርንምም። ልጆቻቸው ፊልሙን እንዳያዩ መከልከል መብታቸው መሆኑን ነግረናቸው በሰላም ተለያየን። ልጆቹ ግን ቀድመው አይተውታል። እኛ የነበረን ምርጫ ወይ ዝም ብሎ ማለፍ፣ ወይ አብሮ መነጋገር ብቻ ነበር።

ደግሞም ልጆች እኛ ያላየነውን ያያሉ። የሞተ ሰው ወደ ዱንያ እንደማይመለስ ስናስረዳ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ኡስታዝ፣ ቶም እኮ አልሞተም፤ ተኝቶ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰዓቱ የተሰጠው ከነቃ በኋላ ነው» አለች። እኛ ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይተን ይህንን አላስተዋልንም ነበር።

ፊርማው

በመጨረሻ አንድ ልጅ ዋናውን ጥያቄ ጠየቀ። «አላህ መሓሪ አይደለም ወይ? ታዲያ ለምን የአይጥ ፊርማ ያስፈልጋል?»

ፊልሙን የሠሩት ሰዎች የእስልምናን ትምህርት አስበው የሠሩት አይደለም፤ ይህችን ነገር ግን አግኝተዋታል። ኢማም ነወዊ ሪያዱ-ስ-ሷሊሒን ላይ የተውባን መስፈርቶች ሲዘረዝሩ ሦስቱ በባሪያውና በጌታው መካከል ያሉ ናቸው፤ ወንጀሉን መተው፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መቁረጥ። ወንጀሉ የሰው ሐቅ ያለበት ከሆነ ግን አራተኛ ይጨመራል፤ ገንዘብ ከሆነ መመለስ፣ ክብር ከሆነ ባለቤቱን አፉ በለኝ ማለት። ቡኻሪ አቡ ሁረይራን (ረ.ዐ) ጠቅሰው በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወንድሙን በክብሩም ሆነ በሌላ ነገር የበደለ ሰው፣ ዲናርም ዲርሀምም የማይጠቅምበት ቀን ሳይመጣ ዛሬውኑ ከበደሉ ነፃ እንዲያስደርግ አዘዋል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ እውነተኛው ከሳሪ ሶላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ ይመጣል፤ ይህንን ሰድቧል፣ ያኛውን በሐሰት ወንጅሏል፣ የሌላውን ገንዘብ በልቷል። ሥራው ለተበዳዮቹ ይከፋፈልና ሲያልቅ የእነርሱ ወንጀል እርሱ ላይ ይጫናል። በአላህ መንገድ ለተሰዋ ሰው እንኳ ወንጀሉ ሁሉ ሲማርለት ዕዳው ግን እንደማይማር ተነግሯል።

አገራችን ውስጥ ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመጓዙ በፊት በየጎረቤቱ እየዞረ «አፉ በሉኝ» የሚለው ለዚህ ነው። ረመዷን ሲገባም እንባባላለን። ችግሩ ይህንን የምንለው ብዙውን ጊዜ ላልበደልነው ሰው መሆኑ ነው። ለወዳጃችን «አፉ በለኝ» ለማለት ምላሳችን ይፈጥናል፤ በእርግጥ የበደልነውን ሰው ቤት ግን በሌላ መንገድ ዞረን እናልፈዋለን።

ይህንን ለልጆቹ ስናስረዳ አንዱ ከኋላ ብድግ አለ።

«ኡስታዝ፣ እርስዎስ የሚያስፈርሙት ሰው አለዎት?»

ክፍሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ሰዓቱ ስለደረሰ ትምህርቱ አብቅቷል ብለን አሰናበትናቸው። ሰዓቱ ግን ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበር።

የዛሬ ሰባት ዓመት እዚያው መድረሳ ውስጥ ለምንጣፍ መግዣ ከተማሪዎች የተሰበሰበ 600 ብር ጠፋ። ገንዘቡ በተቀመጠበት ሰዓት ክፍል ውስጥ ብቻውን የቆየው አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት አቁመን ሌባ አልነው። ልጁ አለቀሰ፣ ማለ፤ መሐላውን በሐሰት ላይ ሐሰት አድርገን ቆጠርንበት። በማግስቱ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ከሁለት ወር በኋላ ገንዘቡ የስም መጥሪያው መዝገብ ልባስ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ያስቀመጥነው እኛው ነበርን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልንናገር አሰብን፤ ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ የሚቀጥለውን አልን። ምንጣፉ ተገዛ። ሰባት ዓመት ሰገድንበት።

በሳምንቱ ኮምቦልቻ ወረድን። ልጁ ጋራዥ ውስጥ እንደሚሠራ ሰምተን ነበር። መኪና ሥር ተኝቶ አገኘነው፤ ሲያየን ዘሎ ተነሣ። እጁ ግራሶ በመሆኑ ክንዱን ሰጠን። አድጓል፣ ጢም አብቅሏል። ወደ ጥግ ወስደን ሁሉንም ነገርነው፤ ገንዘቡ የት እንደተገኘ፣ መቼ እንደተገኘ፣ ለምን ዝም እንዳልን። ለዝምታችን ግን የምንሰጠው ምክንያት አልነበረንም።

ኪያቤውን በጨርቅ እየጠረገ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«እኔ ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ ኡስታዝ» አለን በመጨረሻ። «ግን ያሉኝ ልጆቹ ፊት ነው። እናቴም ሰምታ ነበር።»

«እናትህ ደህና ናቸው?» አልነው።

«ከሁለት ዓመት በፊት ወደ አኺራ ሄደች።»

ለእርሳቸው ዱዓ ከማድረግና በስማቸው ሰደቃ ከማውጣት በቀር የቀረልን መንገድ የለም። ለልጆቹ ግን አለ። ያ የስም መጥሪያ መዝገብ አልተጣለም ነበር፤ አሁን ይዘነው እንዞራለን። በዚያ ዓመት ክፍሉ ውስጥ የነበሩት 26 ናቸው። እስካሁን 11ዱን አግኝተን ገንዘቡን ልጁ እንዳልወሰደ፣ ያጠፋነውም እኛ እንደሆንን ነግረናቸዋል። ሁለቱ ሳውዲ ስላሉ በስልክ ነው የነገርናቸው፤ አንደኛው ነገሩን ጨርሶ እንደማያስታውሰው ነግሮን ሳቀብን፤ ሌላኛው ዝም ብሎ አዳመጠንና «እኔ እስከ ዛሬ ሌባ ነው ብዬ ነበር የማስበው» አለን። 15 ይቀራሉ።